ከመንጋው ዳር የቆመው በሬ

ከባለቤቴ ከይበልጣል ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ስፌት ነበር። ቡሬ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን እሱ ሰማያዊውን ጨርቅ በመቀስ ይቆርጣል፤ እኔ ከጥቁሩ ጋር አጋጥሜ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪናዬ እሰፋለሁ። ከላይ ነጭ መረብ እናለብሰዋለን። ሲያልቅ የልጆች መጫወቻ ድንኳን ይመስላል፤ ነገር ግን የዝንብ ወጥመድ ነው። ከሽንዲ በታች ባለው ቆላ በእንጨት ላይ ሲሰቀል ከብት የሚነክሰው ዝንብ ሰማያዊውን ከሩቅ አይቶ ይመጣል፤ ጥቁሩ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ብርሃኑ ልውጣ ሲል መረቡ ውስጥ ይቀራል። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን ቆይተናል። ያዘዘን መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ ገበሬዎቹ ራሳቸው ጨርቁን ገዝተው ልከውልን ነው።

መሸት ሲል ክሩ አለቀ። "ይብቃን ሰርኬ፤ ነገ ክር አመጣለሁ" አለና ቁርጥራጩን ከጉልበቱ ላይ አራግፎ ተነሣ። ሽሮ በላን። ስለ ዝናቡ አወራን መሰለኝ። ምን እንዳወራን ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልመጣልኝም። በማግስቱ ሲነጋ እጁ ቀዝቅዞ አገኘሁት። ሐኪሙ ልብ ነው አለ።

ባሕር ዳር ያለችው ልጃችን፣ "እማ፣ ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው" ስትለኝ ከረመች።

"የኔን ነው የአባትሽን?"

"እሱን ማን ይለየዋል?"

እውነቷን ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀምጥና መስኮቱን ሳይ እውላለሁ። ትዝታው ቅደም ተከተሉን ጠብቆ አይመጣም። ጭጋግ ሲገለጥ መጀመሪያ የዛፍ አናት፣ ቀጥሎ የጣራ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ከብቱ እንደሚታየው ነው የሚታየኝ።

ሥራ የጀመርሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ነጭ ጋውን ሰጡኝና የእንስሳት ጤና ረዳት ተባልሁ። ክሊኒኩ አንድ ክፍልና ከብት የሚቆምበት፣ በግንድ የታጠረ ጠባብ መተላለፊያ ነበረው። ኃላፊያችን ወረቀት የሚወዱ ደግ ሰው ነበሩ። የወር ሪፖርት ከደረሳቸው ላሚቱ ብትድንም ባትድንም ቅር አይላቸውም እያልን በሌሉበት እንስቅ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የውሎ አበሉም ሲዘገይ ይኖራል። ስለ ገንዘቡ ይህን ካልሁ ይበቃል።

ይበልጣል ከእኔ ቀድሞ የገባ ነባር ሠራተኛ ነበር። ሥራ እንዲያሳየኝ ሲታዘዝ መጀመሪያ የወሰደኝ ከብቶች ወደ ተሰማሩበት መስክ ነው። መርፌና መድኃኒት የያዘውን ሣጥን እኔ ተሸክሜያለሁ። ሣጥኑን ተቀበለኝና ከሾላ ዛፍ ሥር አኖረው።

"ቁጭ በዪ።"

"ምን ልናደርግ?"

"ልናይ ነዋ።"

"ምኑን?"

"ከብቱን። የላም ሐኪም ነሽ አሉኝ፤ ላም አይተሽ ታውቂያለሽ?"

የሚያሾፍብኝ መሰለኝና ተኮሳትሬ ተቀመጥሁ። እሱ ከኮቱ ኪስ የሽምብራ ቆሎ አውጥቶ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝና እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከብቱን ማየት ጀመረ። ያን ቀን ከሰዓት በፊት አንድም ከብት ሳንነካ ዋልን። ይህ የይበልጣል ልማድ ነበር። ከባለቤቱ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቆ፣ ከዚያ ከብቱን እስኪጠግብ ያያል፤ መርፌው ከዚያ በኋላ ነው። እጁ ቶሎ ወደ ከብቱ እንዳይሄድበት ወደ ኋላ አጣምሮ ሲቆም የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ይመስል ነበር።

ዝንብን ያስተማረኝም በዚያ መንገድ ነው። ዝንቡን ሳይሆን ከብቱን ነው የምናየው። ላሟ የፊት እግሯን እያነሣች መሬት ከመታች የነከሳት ታች ነው። ይህኛው የቤት ዝንብ የሚመስል ትንሽ ነገር ነው፤ አፉ ግን እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ቅልጥሟ ላይ አናቱን ሽቅብ አድርጎ ይቀመጣል። ራሷን ወደ ትከሻዋ በኃይል ከወረወረች ትልቁ ነው፤ ዓይኑ እንደ አረንጓዴ ዶቃ ያበራል፣ ሲነክስ ቆዳ ይቀድዳል፣ ከተነሣም በኋላ ደሙ ይንጠባጠባል። ጅራቷ የማይደርስበትን ቦታ መርጦ ማረፉ ይገርማል። ከቆላ የሚመጣው ደግሞ ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ ተዘጋ መቀስ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። ገንዲ የሚሉትን፣ የከብቱን ደም እያመነመነ የሚጥለውን በሽታ የሚያመጣው እሱ ነው።

አንድ ቀን አንዱን ትልቅ ዝንብ ክንዱ ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ አየው። እስኪነክሰው ጠበቀ።

"አያምህም?" አልሁት።

"ያመኛል።"

"ታዲያ ለምን አታባርረውም?"

"እሷም እንዲህ ነው የሚያማት፤ እሷ ግን እጅ የላትም" አለና አባረረው።

የዝንብ ወራት የሚባለው ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲያምር ነው። ሰው ሁሉ ከብቱ አሁን ይጠግባል ብሎ ያስባል። ከብቱ ግን ሣሩ መሀል ቆሞ አይበላም። አንድ ጉርሻ ይነጭና ራሱን ያነሣል፤ ይረግጣል፤ ቆዳውን ያርገበግባል፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ይቆማል። ቀትር ላይ መንጋው በሙሉ ተጠጋግቶ አንድ ይሆናል። ራሳቸውን ወደ ውስጥ ያደርጋሉ፤ ጅራት ብቻ ነው በውጭ የሚወዛወዘው። ከሩቅ ሲታይ አንድ ትልቅ ፍጡር ቆሞ የሚተነፍስ ይመስላል። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ ሲንቀጠቀጥ፣ የጅራቱ ድምፅ ሲመላለስ፣ ዓይኔ ሳይከደን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ስነቃ ይበልጣል አጠገቤ ነው። ከዚያ የሾላ ዛፍ ሥር ተጫጨን ብል ሐሰት አይሆንብኝም።

ከተጋባን በኋላ ሁለታችንንም ወደ ሽንዲ አዛወሩን። ከሽንዲ ወደ ታች በእግር በሚኬድበት አንድ መንደር ይታይሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። እርሻ አላት፤ በሬ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ስሙ ዳልቻ። በአገራችን አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ያቀናጃል፤ መቀናጆ ይባላል። ሁለቱ በሬዎች ተጠምደው የአንዱንም የሌላውንም ማሳ በየተራ ያርሳሉ። የይታይሽ መቀናጆ አያ አለኸኝ ነበሩ፤ ጉራች የሚባል ጥቁር በሬ ነበራቸው። ዳልቻም ከእሳቸው ላሞችና ጊደሮች ጋር ይሰማራል። ዳልቻ ከወደቀ መቀናጆው ፈረሰ ማለት ነው። መሬቷ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽ ይሄዳል፤ ልጆቿ በግማሹ መክረም አለባቸው። ይህን እሷም፣ እኛም፣ መንደሩም እናውቅ ነበር።

ዳልቻ በዚያ የዝንብ ወራት ከሳ። ፀጉሩ ቆመ፤ የዓይኑ ውስጥ ነጣ። አካባቢው ገንዲ ያለበት ነው፤ ለገንዲ የሚሰጠውን መድኃኒት ወጋነው። አልተሻለውም። ይበልጣል እንደ ልማዱ ቀትር ላይ ተቀምጦ አየው።

"ዳር ነው የሚቆመው" አለኝ። "መንጋው ሲሰበሰብ ብቻውን ዳር ይቆማል።"

"የታመመ ከብት ከመንጋ ይለያል" አልሁ። መጽሐፉም ይህንኑ ይላል፤ ገበሬውም ይህንኑ ይላል። ደግመን ወጋነው።

ለዘር በሚያርሱበት ቀን ዳልቻ ትልም መሀል ተንበረከከ። አያ አለኸኝ ቀንበሩን አወለቁለት። እኛ ስንደርስ ይታይሽ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ከዓይኑ ላይ ዝንብ ታባርር ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

"ምነው ጭራውን ባልቆረጥሁበት" አለች ያኔ፤ ለማንም አልነበረም።

"የምን ጭራ?" አለ ይበልጣል።

ለባሏ ተዝካር የነፍስ አባቷ ስጦታ ይገባቸዋልና፣ የምትሰጠው ሌላ ነገር ስላልነበራት፣ የዳልቻን የጅራት ፀጉር አስቆርጣ የዝንብ ጭራ አሠርታላቸው ኖሯል። የሟቹ በሬ ነው፤ ከእሱ የተሻለ መታሰቢያ ከየት ይመጣል? ጅራቱን አየነው፤ ከጫፉ የቀረው የተመለጠ ጉቶ ነበር። ያን ጅራት ስንወጋው ሁሉ ይዘነዋል። ጭራ መቁረጥ ወግ ስለሆነ የማንም ዓይን አይቆምበትም፤ የእኛም አልቆመም።

ይበልጣል ወንዙ ዳር ወርዶ እጁን ሲታጠብ ቆየ። ስመጣ ቀና ሳይል፣ "ታሞ ዳር የቆመ መስሎን ነበር" አለኝ። "ዳር ስለቆመ ነው የታመመው።"

ቀስ በቀስ ገባኝ። ዳልቻ በአያ አለኸኝ መንጋ ውስጥ እንግዳ ነው። ላሞቹ በቀንድ እየገፉ መሀል አያስገቡትም። መሀል የቆመውን የሌሎቹ ገላና ጅራት ይከልለዋል፤ ዳር ያለው ግን የመንጋውን ዝንብ ሁሉ ይቀበላል። እሱ ደግሞ የሚከላከልበት ጅራት አልነበረውም። ሳይበላ ይውላል፤ ይደክማል፤ ሲደክም የበለጠ ይገፋል። ገንዲው ኖሮበትም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ደሙን ስናክም ቀኑ እንዴት እንደሚውል አላሰብንም። ይበልጣል ያን ሰሞን ቆሎ አልያዘም። ከዚያ በኋላ ከብት ሲያይ ቀትርን ብቻ አይደለም፤ ከብቱ ሲወጣ ወጥቶ ሲገባ ነው የሚገባው።

የይታይሽ ወንድሞች ቀዮ የሚባል ወይፈን ሰጧት። ጥያቄው አያ አለኸኝ እንደገና ያቀናጃሉ ወይ የሚለው ነበር። ሦስታችን ግቢያቸው ሄድን። አያ አለኸኝ ጅራፍ እየገመዱ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩንም።

"አንድ በሬ ቀብሬያለሁ። ለሁለተኛ ልቅሶ አቅም የለኝም።"

"አያ፣ ይስሙን እንጂ" አለ ይበልጣል። "ወይፈኑ አሁን በበጋው፣ ዝንብ ሳይመጣ ይግባ። ማታ ማታ ከጉራች ጎን ይታሰር። ጨው ከአንድ ገበቴ ይላሱ። ሽታቸው ይቀላቀል።"

"ዶክተር፣ ይህ እኮ ከብት ነው! ሙሽራ ነው እንዴ እንዲህ የማግደረድረው?"

"ሙሽራ በሆነማ ደግ ነበር። ሙሽራን መሀል ነው የሚያስቀምጡት።"

ሊስቁ ፈለጉና ጅራፉን አጠበቁ። "ሌላስ?"

"ጭራ እንዳይቆረጥ። የማንኛቸውም።"

"ሌላስ?"

"በዝንቡ ወራት ጎህ ሲቀድ ይውጡ። ሲሞቅ ይመለሱ፤ ጨለም ያለ በረት ውስጥ ገብተው ኩበት ይጨስላቸው። ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ደግመው ይውጡ።"

አያ አለኸኝ አሁን ቀና አሉ። "በቀን ሁለት ጊዜ ላሰማራ ነው? ከብት ቀን ካልጋጠ ምን ሊሠራ ነው፣ ከእኔ ጋር ጠላ ሊጠጣ?"

ከጓዳ የሚስታቸው ድምፅ መጣ። "አንቱስ በቀትር ከዋርካው ሥር አይደል የሚውሉት? ዝንብ ፈርተው!"

"ዝም በዪ አንቺ!"

"እኔማ ዝም ብያለሁ። ጉራችም እኮ አምና አጥንቱ ወጥቶ ነበር፤ እሱም ዝም አለ።"

ይታይሽ እስከዚያ ከጎናችን ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ቆመች። "አያ፣ የከሰዓቱን ማሰማራት እኔ እይዛለሁ። የእርስዎንም ከብት ጭምር። የማልችለው እርፍ መጨበጥ ብቻ ነው።"

አያ አለኸኝ ጅራፉን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። "እስከ ኅዳር" አሉ። "ወይፈኑ እስከ ኅዳር ከከሳ መቀናጆ የለም። እሷም ትስማ፣ እናንተም ስሙ።"

ያ ዓመት እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ክሊኒኩ ሥራ ነበረው፤ ክትባት ነበር፤ አዲሱ አለቃችን በየቦታው የሚልኩን ሰው ነበሩ። ግን እንቅልፌ ውስጥ ሁሉ ቀይ ወይፈን ይመላለስ ነበር። ይበልጣል አያወራውም። መንገዱ ወደዚያ መንደር በሆነ ቁጥር ግን እርምጃው ይፈጥናል።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት ወረድን። ኑጉ አብቦ ሸለቆው ሁሉ ቢጫ ነው። ይታይሽ ከብቱን ካስወጣች ቆይታለች። ዝንቡ ገና አልበረደም ነበርና መንጋው ተሰብስቦ ቆሟል፤ ያ ትልቅ ፍጡር ይተነፍሳል። እኛ መጀመሪያ ያየነው ዳሩን ነው። አንዲት ጊደር፣ አንዲት አሮጊት ላም። ቀዮ የለም።

"የት አለ?" አልኋት።

"ነበር... አሁን ነበር" አለች ይታይሽ፤ ፊቷ ተለወጠ። በአንድ ወገን ዞረች፤ ይበልጣል በሌላው ወገን። እኔ ወደ ወንዙ ሮጥሁ፤ ከብት ዝንብ ሲያስመርረው ጅራቱን ሰቅሎ ሄዶ ውኃ ውስጥ ይቆማልና። ወንዙ ባዶ ነበር። ስመለስ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ወደ መንጋው መሀል ይመለከታሉ። ይበልጣል ጣቱን ወደ አፉ አደረገልኝ።

ቀዮ ከመሀል ነበር። ከጉራች ጋር ራስና ጅራት ተቃርነው ቆመዋል። የጉራች ረጅም ጅራት በዝግታ እየሄደ እየመጣ የቀዮን ፊት ይጠርጋል፤ የቀዮም ጅራት የጉራችን ግንባር። ወይፈኑ ዓይኑን ጨፍኖ ያመሰኳል። በሌላ ወራት ቢሆን ልብ የማይባል ነገር ነው፤ ከብት ሲያመሰኳ ማን ቆሞ ያያል?

"ተኛ እኮ" አለች ይታይሽ በሹክሹክታ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

ኅዳር ሲገባ አያ አለኸኝ የቀዮን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ሻኛውን ጨበጡ። "ይጠመድ" አሉ። በዚያው ዓመት የይታይሽ ማሳ በራሷ በሬ ታረሰ፤ በተከታዩም። በቀን ሁለት ጊዜ ማሰማራቱ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ ጎረቤቶቹ ቀስ በቀስ ከብታቸውን ቀላቅለው ተራ ገቡ።

የቀሩትን ዓመታት ቡሬ ሠራን። በከብቱ ጀርባ ላይ የሚፈስ የዝንብ መድኃኒት መጣ፤ ወጥመዱ መጣ፤ ሪፖርቱ በስልክ የሚላክበት ዘመን መጣ። ጥሩ አለቆችም መጥፎም ነበሩን፤ ስማቸውን ማንሣት አልፈልግም። ቀድሞ ጡረታ የወጣው ይበልጣል ነበር፤ እኔ ስከተለው በር ላይ ቆሞ፣ "እንግዲህ ነይ፣ ቁጭ ብለን እንይ" አለኝ። ብዙ ሳንቀመጥ ገበሬዎቹ የወጥመድ ጨርቅ ይልኩልን ጀመር።

ከይበልጣል አርባ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ማኅበር ሲጠሩኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ፤ ጎረቤት ሲመጣ በሩን ቶሎ አልከፍትም። አንድ ጠዋት በሩ ሳያቋርጥ ተንኳኳ። ይታይሽ ነበረች፤ ከሽንዲ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥታ። ለልቅሶም መጥታ ነበር፤ ያኔ ግን በሰው መሀል አልተነጋገርንም። አርጅታለች። አጠገቤ ተቀመጠች።

"እታለም፣ የከብቱ ተራ ሐሙስ ሐሙስ የእኔ ነው" አለችኝ። "ዓይኔ ደክሟል። ጥጃው ዳር ይቁም መሀል አልለየውም። ነይና እይልኝ።"

"ይታይሽ፣ እኔ እንደሱ አላይም።"

"እሱስ ሲጀምር መቼ አየ?" አለች። "ዳልቻን እኔ ነኝ የቀበርሁት። አላየም። በኋላ ነው ያየው። አንቺም ነይ፣ ቁጭ በዪ፤ ቀስ ብሎ ይታይሻል።"

ሌላ ሰው ይህን ቢለኝ እቀየመው ነበር። ከእሷ ሲመጣ ግን ሳላስበው ሳቅሁ፤ ይበልጣል ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከሳቁ በኋላ አለቀስሁ። እሷ ነጠላዬን አቀበለችኝ።

አሁን መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ በጠዋት ወደ ሽንዲ እሄዳለሁ። ከይታይሽ ጋር ከብት እጠብቃለሁ።